ለልደት ቀን ስድስት ሳጥን

የፊት ጥርሴ የወርቅ ናት። ያያት ሁሉ «ባልሽ ሀብታም ነበር እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል፤ እኔም «አዎ፣ ሞልቶ የተረፈው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። የተፈጥሮዋን ያወለቀው የክላሽ ሰደፍ ነው። ለምን እንደተመታሁ ለልጆቼ እንኳ በቅጡ ነግሬያቸው አላውቅም። በቁጥር ምክንያት ነው ብላቸው ማን ያምነኛል? ግን በቁጥር ምክንያት ነው፤ ያውም እኔው በእጄ በጻፍኩት።

ዘመኑ 1977 ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ታይፕ የተማርኩ፣ እዚያው ተወልጄ ስላደግኩ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አፌን የፈታሁበት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። ምላሴ ስለት ነው ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። እጄም ቢሆን አርፎ የሚቀመጥ እጅ አልነበረም።

ሥራችን እንዲህ ነው። በየገበሬ ማኅበሩና በየቀበሌው የተመዘገቡ ወጣቶች ዝርዝር ወደኛ ይመጣል። እኛ የእያንዳንዱን የልደት ቀን ቅጽ ላይ እንገለብጣለን። ቅጹ ለልደት ቀን ስድስት ትንንሽ ሳጥን አለው፤ ሁለት ለቀን፣ ሁለት ለወር፣ ሁለት ለዓመት። የሞላነው ቅጽ አዲስ አበባ ይላካል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ዕድሜያቸውን አስልቶ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉትን ለይቶ፣ ስማቸውን በረጅሙ ወረቀት አትሞ ይመልሳል። እዚያ ወረቀት ላይ ስሙ ያለ ይዘምታል። እንግዲህ ያቺ ስድስት ሳጥን ማለት ነፍስ ናት፤ ያኔ ግን እኔ የማያት የሥራ ጣጣ አድርጌ ነበር።

አይ የሰው ቀን አጻጻፍ! አንዱ ጸሐፊ ቀኑን ያስቀድማል፣ ሌላው ወሩን። 3/5/58 ብሎ ሲልክ ጥር ሦስት ይሁን ኅዳር አምስት እግዜር ይወቀው። የሸነን ገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የቄስ ተማሪ ስለነበር ሁሉንም በግዕዝ ቁጥር ይደረድረዋል። ሌላው «ዕድሜው ይደርሳል» ብሎ ይገላገላል። «የሚካኤል ማግስት፣ ላማችን መንታ የወለደች ዓመት» ብሎ የላከም ነበር። እኔ ላሚቱን የት ሄጄ ልጠይቃት? ስቄ ስቄ ሳበቃ ተናድጄ፣ ተናድጄ ሳበቃ በገዛ ግምቴ እሞላዋለሁ።

አንድ ቀን የላክነው ቅጽ በጥቅል ተመልሶ መጣ። በቀይ «ወር 13 የለም» የሚል ተጽፎበታል። ያንን ኮምፒውተር ያሰናዳው ሰው የት እንደተማረ እንጃ፣ ጳጉሜን ረስቷታል። የክፍላችን ኃላፊ ጥቅሉን ፊቴ ላይ ወረወረው። «ማን አሥራ ሦስት ጻፊ አለሽ?» አለ።

«በጳጉሜ የተወለደውን ሆድ ውስጥ ልመልሰው?» አልኩት፤ የማኅተም ቀለሙንም አንስቼ ወረወርኩ። ነጭ ሸሚዙ ላይ አረፈ። መጥቶ በጥፊ አጮለኝ፣ ጆሮዬ ሲጮህ ዋለ። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። ያን ጊዜ መመታት ብርቅ አልነበረም፤ ከኃላፊ ጥፊ የሚብስ ስንት ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ወጣ፤ አሥራ ሦስት ያለበት ሁሉ አሥራ ሁለት ይሁን፣ ጳጉሜ በነሐሴ ትጠቃለል። ምን ቸገረኝ፣ አምስት ቀን ናት። ሌላም ትእዛዝ ነበረ። ከሚሽን ትምህርት ቤት የመጡ ወረቀቶች በፈረንጅ ዓመት የተጻፉ ስለሆኑ፣ አንድ ጢሙ የወጣ የጊንጪ ጎረምሳ በኮምፒውተሩ የአሥር ዓመት ሕፃን ሆኖ ታትሞ መጥቶ መሳቂያ ሆነን ነበር። ስለዚህ «ሚሽን» የሚል ካለበት ከዓመቱ ላይ ስምንት ይቀነስ ተባለ።

እኔ ደግሞ ፈጣን ነኝ፤ የምኮራበትም እሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን ይዤ በቀይ እስክሪብቶ አሥራ ሦስቶቹን እየለቀምኩ እገድላለሁ። ሁለቷን በሦስቷ ላይ ድርብ አድርጌ አድምቄ እጽፋታለሁ። ከምሳ በኋላ የሚሽኖቹን አወጣና ስምንት ስምንቴን እቀንሳለሁ። በቀን የማልፈው ቅጽ ከሌሎቹ እጥፍ ነበር።

በኅዳር ወረቀቱ ታትሞ መጣ፣ አፈሳውም ተጀመረ። የገበያ ቀን ጠብቀው ዙሪያውን ከበቡ። ሚሊሺያው ዱላ፣ ወታደሩ ጠመንጃ ይዞ ገባ። አህያ ከነጭነቱ ተገለበጠ፣ የሸክላ ሻጮቹ ድስት በእግር ተረግጦ ተፈጨ። አንዱ ልጅ የጨርቅ መደብ ስር ተደብቆ ሲገኝ በእግሩ ጎትተው አወጡት፤ ፊቱ ከጠጠሩ ጋር እየተፋተገ ሄደ። እናቶች የወታደሩን እጅ ይነክሳሉ፣ ወታደሩ በሰደፍ ይመልሳል። እኔ የቢሮውን መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ። ዕድሜያቸው የደረሰ ናቸው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የተያዙትን ገበያው አጠገብ ባለ የእህል መጋዘን አጎሯቸው፤ በገጠሩም በየስሙ እየተጠሩ ተለቅመው እዚያው ገቡ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ቢሮዬ ገባች። አርባ ቢሆናት ነው። ጎጆ ከምትባለው ከጄልዱ ከተማ በእግሯ ነው የመጣችው፤ የደጋ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርቆባታል። ከመቀነቷ ጫፍ ሁለት ካርድ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«ኢጆሌ ኮ» አለች በኦሮምኛ፤ ልጆቼ ማለቷ ነው። «ሁለቱን ወሰዱብኝ። ነገ ጠዋት መኪና ይጭናቸዋል አሉ። ልጆች ናቸው፣ ኢንታላ ኮ። ገና አሥራ ስድስት ናቸው።» «ኢንታላ ኮ» ያለችኝ «የኔ ልጅ» ማለቷ ነው።

ሁሉም እናት እንዲህ ነበር የምትለው። ጢም ያለውንም «ሕፃን ነው» ትላለች። በዚያ ሳምንት ይህንኑ ስንቴ እንደሰማሁ! ሰልችቶኛል፣ ፈርቻለሁም። «ሂጂ እማማ፣ ኮምፒውተር ነው የወሰነው» አልኳት። ሴትዮዋ እጅጌዬን ያዘች። አስለቅቃለሁ ብዬ ገፈተርኳት፤ ወደቀች፣ ግንባሯ የአግዳሚውን ጠርዝ መታው። ደሙ ቅንድቧ ላይ ወረደ። እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ ወታደር አይደለም። በነጠላዋ ጠረገችና ተነሥታ ካርዶቹን መልሳ ወደኔ ገፋቻቸው።

አፈርኩ። ለማፈሬ መሸፈኛ ካርዶቹን አነሳሁ። የሚሽን ክሊኒክ የክትባት ካርድ ናቸው። በሐምራዊ ቀለም፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ። የመጀመሪያው የልጇ ነው፤ 3/13/60 ይላል።

አሥራ ሦስት! ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት።

ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውማ። ጳጉሜ ያለችው እኛ ዘንድ ብቻ ናት። ክሊኒኩ የፈረንጅ ቢሆንም ካርዱን የሚጽፈው መርፌ ወጊ ድሬሰር የጎጆ ሰው ነበር፤ በሚያውቀው በራሱ ቀን ነበር የጻፈው። ታዲያ ስድሳ ማለት ስድሳ ነው፣ የሚቀነስለት ምንም የለም። ሮጬ የጎጆን ዝርዝር ከመደርደሪያው አወረድኩ። የልጁ ስም አጠገብ ቀይ እስክሪብቶዬ ቁጭ ብሏል። ጠዋት አሥራ ሦስትን አሥራ ሁለት አድርጌያለሁ። ከሰዓት በኋላ «ሚሽን» የሚለውን አይቼ ከስድሳ ላይ ስምንት ቀንሼ ሃምሳ ሁለት ብያለሁ። ምስክሩን ጠዋት ራሴ ገድዬ፣ ከሰዓት በኋላ ራሴ ፈረድኩ። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ሃያ አራት ሆኖ ታተመ።

«ይሄኛውስ?» አልኳት ሁለተኛውን እያነሳሁ። 5/1/61 ይላል።

«ይሄ ጉዲፈቻዬ ነው» አለች። «እናቱ ጎረቤቴ ነበረች፣ ስትወልደው ሞተች። የኔ ልጅ የሩፋኤል ዕለት ተወለደ፤ እሱ ሳምንት ቆይቶ፣ የመስከረም አቦ ዕለት። አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚህ አጠባኋቸው።» ደረቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ከልጄ በሳምንት ያንሳል።»

እሱንም ስልሳ አንዱን ሃምሳ ሦስት አድርጌ ሃያ አራት ዓመት ሰጥቼዋለሁ። ገጹን ስገልጥ ከጎጆ ክሊኒክ የመጣው ሁሉ ያው ነው፤ በኔ ቀይ እስክሪብቶ ስምንት ስምንት ዓመት አርጅተዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል?

ዝርዝሩን ይዤ ወደ ኃላፊው ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝና በሩን ዘጋው። «የእርማት ቅጽ አለ» አለ። «አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ወር ይፈጃል።»

«መኪናው ነገ ነው የሚሄደው!»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ልጅ እኮ ነው! ውሃ አይደለም!»

ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ይህን ውጭ ካወራሽ ሆን ብላ ዘመቻውን አበላሸች፣ ጸረ-አብዮት ናት ብዬ እጽፍብሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜሽን የሚቆጥርልሽ አታገኚም አለኝ። ዝርዝሩን ሊነጥቀኝ አንገቴን ያዘ። ግድግዳው ላይ አጣብቆ ጨመቀኝ። ዓይኔ ሲጨልም ያገኘሁትን፣ የእጁን መዳፍ ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ ነከስኩት። እንደ ውሻ ጮኸ። ዝርዝሩን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፣ የሴትዮዋን እጅ ያዝኩ፣ ወደ መጋዘኑ ሮጥን።

ዘበኛው ሊያስገባን አልፈለገም። ሴትዮዋን በጠመንጃው አግድም ደረቷን ገፋት፤ እኔ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አፍንጫው ስር ደቅኜ «ከዝርዝሩ ላይ ስህተት ተገኝቷል፣ አንተ ትጠየቅበታለህ!» ብዬ ጮህኩበት። ማዕረግ ያለው ሰው ጩኸት መስሎት አሳለፈን።

ውስጡን አልረሳውም። የሽንትና የጤፍ ገለባ ሽታ አንድ ላይ ነው። ፀጉራቸውን በደረቅ ምላጭ ላጭተዋቸው የብዙዎቹ ራስ ደምቷል። ሁለቱን ልጆች ሴትዮዋ ወዲያው አየቻቸው፤ ጎን ለጎን ናቸው። የጡት ልጇ ትናንት ግንቡን ሊዘል ሲል ተይዞ ውስጥ እግሩን ተገርፏል። እግሩ አብጦ ጫማ አይገባውም። የወለደችው ልጅ ጭኑ ላይ አድርጎ ይዞለታል። አንድ ወታደር ቆመው ያወሩትን በጎማ እየገረፈ ያስቀምጣል። ከመሃላቸው አንድ ጢም ያለው ፈለግኩ። አላየሁም ማለት እችላለሁ፤ ከጎጆዎቹ መካከል አንድም አልነበረም።

ዘማቾቹን የሚረከበው መቶ አለቃ ከመጋዘኑ ጥግ ጠረጴዛ አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አልጮኸብኝም። «ተቀመጪ» አለኝ። ካርዱን አሳየሁት፣ ቀዩን እስክሪብቶ አሳየሁት። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ፈረንጅ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው። ይሄ ካርድ በኛ ቀን ነው የተጻፈው። ልጁ አሥራ ስድስት ነው» አልኩት። ሳልጨርስ ገባው። ብልህ ሰው ነበር፤ ደደብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አሥራ ሦስት» አለና ፈገግ አለ። «እውነትሽን ነው። ይውጣ።» ልጁን በስሙ አስጠራው።

ሁለተኛውን ካርድ አስቀመጥኩ። አየው፤ አገላበጠው። «ይሄስ? አምስት፣ አንድ፣ ስልሳ አንድ። የፈረንጅ ጥር ሊሆን ይችላል።»

«እጁ አንድ ነው! ቀለሙ አንድ ነው! የጻፈው ያው ሰው ነው! አንዲት እናት ያጠባቻቸው ናቸው፣ ይሄኛው ከዚያኛው በሳምንት ያንሳል!»

«ኮምፒውተሩ ሃያ አራት ብሏል።»

«ኮምፒውተሩ እኔ ነኝ!» አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነበር የጮህኩት። «እኔ ነኝ የጻፍኩት! የጎጆዎቹን በሙሉ እኔ ነኝ ያስረጀኋቸው!»

መቶ አለቃው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እሱን ነው የምልሽ» አለ። «ሁለተኛውን ካመንኩሽ ሦስተኛውንም ማመን አለብኝ። ከዚያ መኪናዬ ባዶውን ይሄዳል፣ ለጎደለው ቁጥር እኔ እጠየቃለሁ። ጳጉሜ ያለው አንድ ነው፤ እሱን ሰጥቼሻለሁ። ሌሎቹ ምስክር የላቸውም።»

ሴትዮዋ አማርኛው ባይገባትም ነገሩ ገባት። መሬት ወድቃ ጫማውን ያዘች። ወታደሩ መጥቶ በጎማው ጀርባዋን ሲላት፣ የወለደችው ልጅ ዘሎ ተጠመጠመበት፤ ክንዱን ጠምዝዘው ሰበሩት። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ከዚያ እናትና ልጅን እየጎተቱ ውጭ ጣሏቸው፣ እኔንም አስከትለው።

ካርዶቿን መለስኩላት፤ ሌሊቱን በሩ ላይ አሳለፍን። ሲነጋ መኪናው መጣ። ልጆቹን ሲጭኑ የጡት ልጇ መራመድ ስላቃተው ሁለት ሆነው አንስተው እንደ ጆንያ ወረወሩት። ከላይ ሆኖ ወንድሙን አየ። ጋቢውን አውልቆ ጣለለት። «ጎጆ ይበርዳል፣ እኔ ቆላ ነው የምሄደው አሉ» አለው በኦሮምኛ። ድምፁ ገና አልጎረነነም ነበር። የሃያ አራት ዓመት ሰው!

መኪናው ሲነሳ ምን እንደነካኝ አላውቅም። የኋላ መዝጊያውን ይዤ ተንጠለጠልኩ። «አውርዱት! ልጅ ነው! የኔ ጥፋት ነው!» እላለሁ፤ እግሬ መሬት ይጎተታል። ላይ ያለው ወታደር አንዴ በጫማው ጣቶቼን ረገጠ፣ አልለቀቅኩም። ከዚያ በሰደፉ አፌን መታኝ። የማስታውሰው የአቧራውን ጣዕምና ምላሴ ላይ የተንከባለለችውን ጥርሴን ነው። መኪናው በአዲስ አበባ መንገድ ሄደ።

ኃላፊው የነከስኩትን እጁን ጠቅልሎ ከሰሰኝ፤ ቀበሌ ሦስት ሳምንት አሰሩኝ። ከዚያ መልሶ ያስጠራኝ ራሱ ነው። እኔ ከሌለሁ ያንን የቀን ቅራቅንቦ የሚፈታ ጠፋ፣ ቅጹ ተከመረ። ወይ ጉድ! ሄጄ ተቀመጥኩ። እንጀራዬ ነበር፣ ምን ልበል። ቀይ እስክሪብቶ ግን ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም፣ የማንንም ዓመት ካርዱን ሳላይ አልቀነስኩም። ለነዚያ ልጆች ምን ፈየደላቸው?

ሴትዮዋ ገበያ በመጣች ቁጥር ድንች በጨርቅ ቋጥራ ታመጣልኝ ነበር። አንዱን ልጄን አውጥተሽልኛል ብላ። እምቢ ስላት ጠረጴዛው ስር አስቀምጣ ትሄዳለች። አንዲቱንም አልበላሁም። ቤቴ ጥግ ላይ በቅለው አረጁብኝ። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ፣ ግንባሯን እንዳደማሁት ግንባሬን ብታደማኝ እንዴት በተገላገልኩ!

በ1978 ክረምት መግቢያ ላይ ድንቹን ሳትይዝ መጣች። ወረቀት ነው የያዘችው፤ አንብቢልኝ አለች። ማኅተሙን ሳይ አወቅኩት። አነበብኩላት። የጡት ልጇ ስም አለ፣ ለእናት አገሩ ተሰውቷል ይላል። ዝቅ ብሎ «ዕድሜ፦ 25» ይላል። ዕድሜውን ዘልዬ አነበብኩ። «ዕድሜውስ ስንት ይላል?» አለች። ነገርኳት። ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ አላየኋትም።

አዲስ ዓመት ገባ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ገና ቢሮ እንደከፈትን፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ በሩን ገፍታ ገባች። ነጠላዋ ይንጠባጠባል። ልጇ ውጭ ቆሟል፤ የተሰበረው ክንዱ ጠማማ ሆኖ ገጥሟል፣ የወንድሙን ጋቢ ለብሷል። ከመቀነቷ ጫፍ ያቺን ካርድ ፈታች፣ 5/1/61 የምትለዋን። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ስድስቱ ሳጥን ላይ አስቀመጠቻት።

«ኢንታላ ኮ» አለች፣ ረጋ ብላ። «ዛሬ አሥራ ስምንት ሞላው። አሁን ውሰዱት።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ቀና ብዬ አየሁ። መስከረም አምስት፣ አቦ ነበር። ማንበብ አትችልም፤ አንድ ቀን እንኳ አልሳተችም።